ሽማግሌዎቹና መምጠጫ መኪናው

በሕይወቴ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ጣቴን ያነሳሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ «ልውጣ?» ለማለት ነበር። አስተማሪያችን ወደ ሰሌዳው ዞረው ይጽፉ ስለነበር አላዩኝም፤ እኔ ደግሞ ድምፅ ማሰማት አፍሬ ጣቴን እንደ አንቴና አቁሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም። አብረውኝ የተማሩ ያውቁታል፤ የሮቤ ልጆች ሌላው ትምህርት ቢጠፋባቸው እንዲህ ያለውን አይረሱም። ሁለተኛው በቅርቡ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ያው የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛውን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። እሱ ላይ ለመድረስ ግን ስለ ሽንት ቤታችን ማውራት ግድ ይለኛል። ምግብ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እጠብቃለሁ።

ዓይን አፋር ነኝ። እንዲያው ለወጉ ያህል ማለቴ አይደለም። ታክሲ ተሳፍሬ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ስንት ጊዜ በእግሬ ወደ ኋላ እንደተመለስኩ እኔና ጫማዬ እናውቃለን። አንድ ቀን እንዲያውም ማንም የሚወርድ ጠፍቶ ጎባ ደርሻለሁ። ጎባ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። እንዳልታዘብ ብዬ ገበያ ገብቼ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ።

ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። አሁን ልብስ ሰፊ ቤት ጠርዝ እዘመዝማለሁ። ይህን ሥራ የወደድኩት የስፌት መኪናው ስለሚጮህ ነው፤ እሱ ሲጮህ እኔን የሚያናግረኝ የለም።

የምኖረው ካሳደጉኝ ከአክስቴ ከእትዬ ብርቄ ጋር ነው። እትዬ እኔ የጎደለኝን አፍ እግዜር ለእሳቸው ደርቦ የሰጣቸው ሴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ክፍል ያከራያሉ፤ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት መምህር ያሬድ፣ በሁለቱ ደግሞ ባለትዳሮች አሉ። ለሁላችንም ያለው ሽንት ቤት አንድ ነው።

ስንዴው ሊታጨድ ሲል፣ ኮምባይነሮቹ ወደ ሮቤ መግባት ሲጀምሩ፣ ጉድጓዱ ሞላ።

እትዬ በሩን በጓጉንቸር ቆለፉና ቁልፉን መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። «የባሰበት ብቻ ይጠይቀኝ!» ብለው አወጁ። የባሰበት ማን እንደሆነ የሚወስኑት ደግሞ ራሳቸው ናቸው፤ ፊታችንን አይተው። መምህር ያሬድ አንድ ቀን ፊታቸው ፈተናውን ሳያልፍ ቀርቶ ተመለሱ፤ እትዬ «ገና ነዎት» አሏቸው። መምህሩ «እኔ ተማሪዎቼን እንዲህ አጥብቄ ፈትኜ አላውቅም» እያሉ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ጉድጓድ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል። መኪናው አንድ ነው፤ ለሮቤም ለጎባም። ሮቤ ስንጠይቅ «ጎባ ሄዷል» ይሉናል፤ የጎባ ሰዎች ሲጠይቁ «ሮቤ ነው» ይባላሉ። እኛ የጎባን ሰዎች እናማለን፣ እነሱ እኛን ያማሉ። በኋላ ሲጣራ መኪናው የትም አልነበረም፤ ሁለቱ ከተሞች መካከል መንገድ ዳር ተበላሽቶ ቆሞ፣ ፍየሎች ከጥላው ስር ተኝተው ያመነዥኩ ነበር።

እስከዚያው የሚያኖሩን ከአጥሩ ማዶ ያሉት አደ ፋጡማ ናቸው። እንደ አደ ፋጡማ ያለ ደግ ጎረቤት አላየሁም። ችግሩ ደግነታቸው ነው። ሰው ግቢያቸው ገብቶ ሳይጠያየቁ ማለፍ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። «አካም ቡልቴ? ነጌኒ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምራሉ። እሺ፣ ደህና ነኝ። አክስትሽስ? ደህና ናቸው። ጉልበታቸውስ? ደህና ነው። ተከራዮቹስ? ሥራስ? ብርዱስ? ዝናቡስ? ላሟስ? እኛ ላም የለንም፤ ግን «ላም የለንም» ካልኩ «ምነው ሸጣችኋት?» የሚል ሌላ ጥያቄ ስለሚከተል «ላሟም ደህና ናት» እላለሁ፤ አንዱን እግሬን በሌላው ላይ ጠምጥሜ። አሁን ድረስ ሰላምታ ስሰማ ያጣድፈኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ችግሩን እንደ ማንም ሰው እችለው ነበር። ግን እኔ ሽማግሌ ሊመጣልኝ ነበር።

ስሙን መጻፍ አፍራለሁ፤ «እሱ» ልበለው። እሱ ሮቤ ውስጥ የብየዳ ሥራ የሚሠራ ሲሆን ቤተሰቦቹ ዲንሾ የሚባለው ከተማ ይኖራሉ። የተዋወቅነው የስፌት መኪናዬ እግር ተሰብሮ ሊበይድልኝ ሲመጣ ነው። እሱ የብየዳ መነጽር አድርጎ ስለነበር ዓይኑን አላየሁትም፤ ለዚህ ነው መናገር የቻልኩት። ቤተሰቦቹ «ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ሽማግሌ እንልካለን» ብለው ላኩ። እትዬ ዜናውን ሲሰሙ እልል አሉ። ከዚያ በድንገት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ።

«አንቺ! ሽንት ቤቱ!»

«ምን ሆነ?»

«ከዲንሾ ድረስ በዚህ ብርድ የመጣ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ልጅቷን መሰለሽ? ሽንት ቤቱን ነው የሚጠይቀው! ምን ልለው ነው? ‹አጥሩን ዞረው ጎረቤት ይግቡ› ልለው ነው? ስለ ላሟ ሲጠየቅ ይዋል? ሄዶ ምን ብሎ ነው የሚያወራው? ‹የሰው ልጅ የሚያሳርፉበት የሌላቸው ሰዎች ናቸው፣ ልጃቸውን ተዉአት› ይላል እኮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ትዳሬ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ታየኝ። የጉድጓዱን ዓይነት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ጥሪው የመጣው በዚህ መሀል ነው። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የፍሳሽ አገልግሎት ክፍያ ሊጨመር ስለሆነ ነዋሪው ሐሳቡን ይስጥ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ረቡዕ ጠዋት አዳራሽ ይገኝ አለ። እትዬ ወረቀቱን መምህር ያሬድ ካነበቡላቸው በኋላ ፊታቸው ቀላ።

«መኪናው መንገድ ላይ ወድቆ ጭማሪ? ጉልበቴን ባያመኝ ኖሮ ሄጄ አሳያቸው ነበር!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ሲዞሩ ገብቶኛል።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ እኮ ምን? አፍ የለሽም? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ተነሺ፤ ‹መኪናው ሳይሠራ ጭማሪ አንከፍልም!› በይ፤ ተቀመጪ። በቃ።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ተለማመድኩ። ስዘመዝም በሆዴ እለዋለሁ፤ ማታ ለግቢያችን ዶሮዎች ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። መምህር ያሬድ በመስኮት ሰምተውኝ «ጥሩ ነው፤ ግን ዶሮዎቹም የሰሙሽ አልመሰለኝም» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ «ሻይ ጉሮሮ ይከፍታል» ብለው ሁለት ብርጭቆ ሻይ አጠጡኝ። ቁልፉን ልጠይቅ አሰብኩና አፈርኩ፤ ባሰብኝ ብዬ የተፈቀደልኝ ገና ትናንት ነበር። ወደ አደ ፋጡማ ስሄድ በሩ ተዘግቷል። ለካ ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ሄደዋል። «አዳራሹ መቼም ሽንት ቤት አያጣም» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። እንዲህ ያልኩበትን ሰዓት እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አፋር ሰው ስብሰባ ላይ ጥግ መያዝ አለበት፤ አንድ ቀና ሴትዮ ግን «ነዪ ልጄ፣ ቦታ አለ» ብለው ስበው አግዳሚው መሀል ላይ አስቀመጡኝ። በቀኝ እሳቸው፣ በግራ ጋቢ የለበሱ ግዙፍ ሰውዬ። መውጣት ቢያስፈልገኝ የአግዳሚውን እኩሌታ ማስነሳት አለብኝ። ከዚያ አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ መጥታ ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ አደለችን። እንቢ ማለት አፈርኩ። ሴትዮዋ «ጠጪ እንጂ፣ ከንፈርሽ ደርቋል» ሲሉኝ አለመጠጣትም አፈርኩ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተነስተው የመኪናውን ፎቶ ግድግዳ ላይ አሳዩን። ሲያስረዱን ያሳዝናል። መኪናው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። የመምጠጫው ሞተር ደክሟል፣ ቱቦው በአሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ተለጣጥፏል፣ ታንኩ ተሰንጥቆ የጫነውን መንገድ ላይ ያንጠባጥባል፤ ከከተማ ውጪ የሚደፋበት ቦታ ደግሞ ግንቡ ፈርሷል። የአገልግሎቱ ክፍያ ከተተመነ ስንት ዘመን ሆነው፤ ዛሬ በዚያ ክፍያ ነዳጁ እንኳ አይሸፈንም።

«ስለዚህ ጭማሪው የግድ ነው» አሉ።

«መጀመሪያ መኪናው ይጠገን!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ክፍያው ሳይጨመር በምን እንጠግነው?»

«ሳይጠገን ለምኑ ነው የምንከፍለው?»

«ካልተከፈለ እኮ አይጠገንም!»

«ካልተጠገነ እኮ አንከፍልም!»

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሰዓት ሄደ። ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር፤ እኔ ግን የሚፈርድ ጭንቅላት አልነበረኝም። ሁለቱ ሻዮችና አንዱ ውሃ ተገናኝተው የራሳቸውን ስብሰባ ጀምረዋል። እግሬን አነባበርኩ። አቅጣጫ ቀየርኩ። የግድግዳውን ስንጥቆች ቆጠርኩ። የመኪናው ታንክ ሲያንጠባጥብ የሚያሳየው ፎቶ እንደገና ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በመጨረሻ ሳላስበው ሰውነቴ የሚያውቀውን አደረገ። ጣቴ ወጣ።

«ጎሽ!» አሉ ኃላፊው፤ «ከሴቶች በኩል ሐሳብ ስንጠብቅ ነበር። ለእህታችን ማይክ ስጧት!»

ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ። ሳየው እባብ የሚያቀብሉኝ መሰለኝ። ተነሳሁ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ዓረፍተ ነገሬን ፈለግሁ፤ አንዲት ቃል የለችም። ለዶሮዎቹ ነግሬ ጨርሻታለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ የተረፈችው የሦስተኛ ክፍሏ ብቻ ነበረች።

«ልውጣ?» አልኩ።

ሞንታርቦው ተቀብሎ ከአዳራሹ አልፎ ለመንገዱም አሰማው።

«ወዴት?» አሉ ኃላፊው ግራ ገብቷቸው።

ሰው ሲጠይቀኝ አለመመለስም አፍራለሁ። «ሽንት ቤት» አልኩ በማይኩ።

መጀመሪያ የሳቀ ሰው አልነበረም። በሩ ላይ የቆሙት ዘበኛ ግን ሊረዱኝ ብለው፣ አምላክ ይስጣቸው፣ ከነበሩበት ጮሁ፤ «ኧረ ልጄ፣ የአዳራሹም ተዘግቷል! ከሞላ ሁለት ሳምንቱ ነው!»

ኃላፊው ወረቀታቸውን አገላበጡ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ኦቦ ጀማል የሚባሉ አዛውንት ቀስ ብለው ተነሱ።

«የእናንተም ሞልቷል?»

«አዎ... ሞልቷል።»

«ታዲያ እናንተ የት ትሄዳላችሁ?»

ኃላፊው ግንባራቸውን ጠረጉ። «እስከ ምሳ ሰዓት... እንችላለን።»

አዳራሹ ፈነዳ። የሚስቀው ሲስቅ፣ አንዷ እንባዋን እየጠረገች «እኛ እኮ የተቆጣነው እናንተ የተመቻችሁ መስሎን ነው!» አለች። የቀረውን አልሰማሁም። ሴትዮዋ ክንዴን ይዘው፣ አግዳሚውን በሙሉ አስነስተው፣ መንገድ ተሻግረው ወደ ዘመዳቸው ቤት አስገቡኝ። የቤቱ ባለቤት ገና ብቅ ሲሉ «አካም...» ማለት ጀመሩ። ሴትዮዋ «ሰላምታው ይቆይ፣ ማሎ፣ እባክዎ!» ብለው ገፍተውኝ አለፉ። እንዲህ ያለ ትልቅ ውለታ የዋለልኝ ሰው የለም።

ነፍሴ ተመልሳልኝ፣ ሹልክ ብዬ ወደ ቤቴ ልሄድ ነበር። ሴትዮዋ ግን «ኧረ፣ ስብሰባው ሳያልቅ?» ብለው መልሰው ወሰዱኝ። ስገባ ጭብጨባ ተቀበለኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። የሚጨበጨበው ለእኔ ነበር። በሌለሁበት ኮሚቴ ሆኜ ተመርጫለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳቁ በኋላ ሰውም ኃላፊውም ለዘብ ብለው ተስማሙ። መሥሪያ ቤቱ ባለው አቅም መኪናውን በቅድሚያ ይጠግናል። ከዚያ በየቤቱ መጥቶ፣ ጉድጓዱን ባዶ አድርጎ፣ ሥራው ለመጠናቀቁ የሰፈሩ ኮሚቴ ሲፈርምለት አዲሱ ክፍያ ይከፈላል። ያለ ፊርማ ክፍያ የለም፤ ያለ ፊርማ ቱቦውም ከግቢ አይወጣም። ይህን ያሉት ኦቦ ጀማል ናቸው። ለእኛ ሰፈር ማን ይፈርም ሲባልም ያው እሳቸው፣ «ያችን ልጅ ምረጡ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ናት» አሉ።

እምቢ ለማለት ጣቴን ማውጣት ነበረብኝ። ድጋሚ? በጭራሽ።

እትዬ በር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

«ተናገርሽ?»

«ተናገርኩ።»

«ሰሙሽ?»

«ሁሉም ሰምተዋል።» ይህ ውሸት አይደለም። መንገደኛውም ሰምቷል።

«ዝም አሉ?»

«መጀመሪያ ዝም አሉ።»

እትዬ አቅፈው ሳሙኝ። ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አዳራሹን አንቀጠቀጠችው!» እያሉ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ አላረምኳቸውም። በማግሥቱ ግን አንድ ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ በሰፈራችን ዞረና ክፍያው መጨመሩን፣ ከዚያም የኮሚቴውን ስም ከነአባት አነበበ። ስሜ ሲደርስ እትዬ ደጅ ላይ ስንዴ ያሰጡ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጠው ገቡ።

«እኔ የላክሁት ተቃዋሚ ነው» አሉ። «የመጣልኝ ክፍያ ሰብሳቢ ነው?»

ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። እኔ ዝምታ ስለምወድ ቅጣት መሆኑ የገባኝ ማታ ነው።

ከዚያ የመኪናው ታንክ ሊበየድ ሆነ። ሌላው በያጅ ሁሉ ከሽታው የተነሳ አልቀርብም ሲል የተቀበለው ማን ነው? እሱ። ሦስት ቀን ሠራ፤ በሦስቱ ቀን እኔን ሊያገኘኝ ሲመጣ ከነፋሱ በታች እየቆመ ነበር። «የምሠራው ለእኛ ነው» ይለኛል ከሩቅ። ባሎቻቸው አበባ ያመጡላቸው ሴቶች ሞልተዋል፤ ለእኔ ታንክ ተበይዶልኛል።

በቀጣዩ ሳምንት አርብ መኪናው ተነሳ። አሁን ተራ ማውጣቱ የእኔ ሥራ ነው፤ ጥፋት የሠራሁትም እዚህ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አንዷ «የወለደች ልጅ አለችኝ፣ ቀድሚኝ»፤ ሌላው «አማቶቼ አሉ»፤ እንቁላል ይዘው የመጡም አሉ። ሁሉንም እሺ አልኩ። የራሴን ቤት ከፊት መጻፍ ግን አፈርኩ፤ «ኮሚቴዋ ለራሷ» እንዳይሉኝ። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ፊደሎቹን አሳንሼ ጻፍኩት።

እትዬ ወረቀቱን መምህር ያሬድ ሲያነቡላቸው ሰምተው «የእኛስ?» አሉ።

«መጨረሻ ላይ ነው» አሉ መምህሩ። «እሁድ ጠዋት።»

«እሁድ ጠዋት ሽማግሌ ነው የሚመጣው!»

«በማለዳ ይደርሰናል እትዬ» አልኩ። አምኜ ነው ያልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቱቦው አንድ ቤት ውስጥ የሕፃን ጫማ ጎርሶ ሦስት ሰዓት አስቆመን።

እሁድ ጠዋት እትዬ ግቢውን ጠርገው፣ ሳር ጎዝጉዘው፣ እኔን አልብሰው ጓዳ ከተቱኝ። ሽማግሌ በመጣ ቀን ልጅቷ አትታይም፤ ወጉ ነው። ለእኔ ደግሞ ከወግ ሁሉ የሚመቸኝ ወግ ነው። ቀን በቀን ቢሆን ደስ ይለኛል። በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ ተቀመጥኩ።

መኪና ሲመጣ ሰማን። እትዬ «መምጠጫው መጣ፤ ተመስገን!» አሉ። በሩ ሲከፈት መምጠጫው መኪና ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ ጠባቧ መንገድ ላይ ማለፊያ አጥታ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ሽታውን እየሳበች የተከተለችው የዲንሾ ታክሲ። ከታክሲዋ ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። የመምጠጫው ሾፌር ጋሽ ቶሎሳ ቱቦውን ሲጎትቱና ሽማግሌዎቹ በቱቦው ላይ ሲራመዱ እኩል ገቡ።

እትዬ ምድር ብትውጣቸው በወደዱ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ደበሌ ይባላሉ፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ከዘራ የያዙ። እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን መናገር ነበረባቸው። እሳቸው ግን ቆሙና ዝም አሉ። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ግድ የለም፣ መቆሙ ይሻለኛል» አሉ። ደጅ ደጁን ያያሉ። ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ።

እትዬ ወደ ጓዳ ብቅ ብለው «አለቀልን» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰውዬው ሊናገሩ እንኳ ተጸየፉን።»

እኔ ግን ሰውዬውን ሳያቸው አወቅሁ። የቆሙበትን አቋቋም አውቀዋለሁ። አንዱ እግር ሌላው ላይ ተነባብሯል። ዲንሾ ላይ ሻይ ጠጥተዋል፤ ምናልባት ሁለት። «እትዬ፣ አልተጸየፉም» አልኩ፤ «ሽንት ቤት ነው የፈለጉት!»

ጉድጓዱ በዚያው ቅጽበት ባዶ ሆኖ ሞተሩ ጠፋ። ቱቦው ግን የሽንት ቤቱን በር ሞልቶ ተጋድሟል፤ ሰው አያሳልፍም። እትዬ ጉልበታቸውን ረስተው ሮጠው ወጡ።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ቶሎ ቱቦውን አንሱልን!»

«አነሳለሁ። ኮሚቴዋ ትፈርምልኝ።»

«እኔ ልፈርም።»

«እርስዎ ኮሚቴ ነዎት?»

«አክስቷ ነኝ!»

«ለአክስት ቦታ የለውም ወረቀቱ። ሳትፈርም ቱቦው አይነሳም፤ በስብሰባ የተወሰነ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ራሷ ያለችበት ስብሰባ ነው።» ከዚያ ለሰፈሩ በሚሰማ ድምፅ ተጣሩ፤ «ኮሚቴዋ! ኮሚቴዋ የት አለሽ?»

«አትወጣም! ዛሬ አትወጣም!» አሉ እትዬ።

«ለምን? ታማለች?»

ኦቦ ደበሌ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ላብ ግንባራቸውን ሞልቶታል፤ በባሌ ብርድ። «ማሎ፣ ልጆቼ» አሉ በሰለለ ድምፅ፤ «ማንም ትሁን፣ የትም ትሁን፣ ትውጣና ትፈርም።»

እትዬ ወደ ጓዳው ዞሩ። ወግ በአንድ በኩል፣ የሽማግሌው ፊት በሌላ በኩል። ፊት ማየት ይችሉበታል፤ እንደዚያ ቀን የባሰበት ሰው አይተው አያውቁም።

«ውጪ» አሉኝ።

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወጣሁ። ሦስት ሽማግሌ፣ አምስት ተከራይ፣ በአጥሩ ላይ አደ ፋጡማ፣ ሁሉም ያዩኛል። ጋሽ ቶሎሳ ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጉልኝ። ከመፈረሜ በፊት ግን ሄጄ በቱቦው ላይ አንገቴን አስግጌ ጉድጓዱን አየሁ። አደራ ነው፤ ሳላይ አልፈርምም። ባዶ ነው። ፈረምኩ። ቱቦው ተነሳ። ኦቦ ደበሌ በአጠገቤ ሲያልፉ ነፋስ መሰሉኝ።

ግቢው በሙሉ ቆሞ ጠበቀ። እትዬ እጆቻቸውን አጣምረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የትኛውን መልአክ እንደሚለምኑ አላውቅም። እኔ ወደ ጓዳ መመለስ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እንቢ አለ።

ኦቦ ደበሌ ወጡ። እጃቸውን ቀስ ብለው ታጠቡ፤ ፊታቸው በርቷል፤ ዕድሜያቸውም የቀነሰ መሰለ። ወደ እትዬ ዞሩ።

«ሁለት ጉዳይ ይዤ ነበር የመጣሁት» አሉ። «አንዱ ስለበረታብኝ ሌላውን መናገር አቃተኝ። አሁን ሁለተኛውን ልናገር።»

እትዬ ሳቅና ለቅሶ በአንድ ላይ መጣባቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይህች ናት ልጅቷ?»

«ይህች ናት» አሉ እትዬ፤ «እንደው እንድትወጣ ወጉ አልነበረም...»

«ጉድጓዱን ሳታይ አልፈረመችም። አይቻታለሁ፤ በምን ዓይን እንዳየኋት እግዜር ያውቃል። እንዲህ ያለች ሴት ቤት ታስተዳድራለች።» ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ከወጣሽ አይቀር ካንቺው እንስማ። ልጃችንን ትፈልጊዋለሽ?»

እዚህ ላይ ሐሳቤን ላቋርጥና አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ እንዳልረሳው። ጋሽ ቶሎሳ በሩ ላይ አዲሱን ክፍያ ሲጠይቁ እትዬ ቁልፉን ከቋጠሩበት መቀነት ገንዘቡን ፈትተው ሰጧቸው። «ይህን ብቻ ነው የጨመራችሁት?» አሏቸው። «እኔ እኮ ብዙ መስሎኝ ነበር የተጣላሁት።» ክፍያ ሲጨመርበት ደስ ያለው ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ሁሉም ያየኛል። አፌን ከፈትኩ፤ እንደ አዳራሹ ቀን አንዲት ቃል የለችም። ያን ጊዜ ነው ጣቴ ለሦስተኛ ጊዜ የወጣው።

እትዬ አዩትና በእፎይታ ጮሁ፤ «ሂጂ እንጂ! ማን ከለከለሽ! አሁን እኮ ክፍት ነው!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ፤ አደ ፋጡማ አጥሩን ይዘው ነው ያልወደቁት።

እኔ ግን እሺ ማለቴ ነበር። በዚያ ሰዓት የትም መሄድ አልፈለግሁም።